የጉድፌ ጠሪ

የቆሻሻ መኪናው ደጅ ላይ ቆሞ ሰው ይጠራል ብላ መጀመሪያ ያወራችው መሬማ ናት። መሬማ ደግሞ ወሬ ሲያልቅባት ከራሷ የምትፈትል ሴት ስለሆነች ሰፈሩ ሰምቶ ሳቀና አለፈ። "ማንን ይጠራል?" ሲሏት፣ "እኔን አይደለም፤ ስሙ ጥርት ብሎ አልተሰማኝም፤ ግን የሆነ ሰው ይጠራል" አለች። "ቆሻሻ አውጡ እያለ ነው፤ አንቺ ጆሮሽን ተመርመሪ" አሏት። አኩርፋ አንድ ሙሉ ቀን ዝም አለች። ለመሬማ አንድ ቀን ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ጎረቤቷ ይመርም ከሳቁት ሰዎች አንዱ ነበር።

ይመር ቦርከና ማዶ በምትባለው ከተማ፣ በስያሜ ቢሮ ውስጥ መስካሪ ሆኖ ይሠራል። ያን ጊዜ ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ጠፍቷል። መኪናውን፣ የውሃውን ፓምፕ፣ የበሩን ቁልፍ፣ የሐኪም ቤቱን አልጋ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ሁሉ አባቶች የጻፉት፣ ማሽን ደግሞ በላዩ ላይ የደራረበው ነው። እንዴት እንደሚሠራ አንብቦ የሚረዳ የለም፤ ለማንበብ የሚጓጓም የለም። የሚነበበው ቃሉ ብቻ ነው። ጸሐፊው ኮዱ ውስጥ ለሚቆጥረው ነገር ምን ስም አወጣለት? ለሚያስታውሰውስ? ለሥራውስ? ሰያሚው የሚሉት ማሽን እነዚህን ቃላት ይለቅማል፣ ይመዝናል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ክፋይ መለያ ይሰጠዋል። "ውሃ"፣ "ቧንቧ"፣ "ግፊት" የሚሉ ቃላት የበዙበት ክፋይ "የውሃ ስርጭት" ይባላል። ሥራው በርበሬ መፍጨት ቢሆን እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውሃ ስርጭት ነው። የሁለት ክፋዮች መለያ ከገጠመና ቃላቸው ከተመሳሰለ ደግሞ ይዋሃዳሉ፤ የአንዱ ሥራ ለሌላውም ይሆናል፣ ትርፍ የተባለው ይጣላል። ከተማው በዚህ አሠራር ብዙ መብራት ቆጥቧል። እሱን መካድ አይቻልም።

ሕጉ ግን ሰው ይመስክር ይላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መስካሪዎቹ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሞቀ የዝንጅብል ውሃ በማር ይቀርብላቸዋል፤ ሰያሚው የጎረነነ ድምፅ ስለማይቀበል ጉንፋን የያዘው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ ሰያሚው መለያውን ያነባል፣ መስካሪው "ይሁን" ይላል። ያነባል፣ "ይሁን"። እስከ ምሳ ድረስ እንዲህ ነው፤ ከምሳ በኋላም እንዲህ ነው። "አይሁን" ማለት ይቻላል፣ የከለከለ የለም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ከይመር ጎን የምትቀመጠው እትዬ ደብሪቱ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ምላሷ የሚዋጋ ሴት ናት። "በሠርጌ ቀን አንዴ 'እሺ' ብዬ ዕድሜ ልኬን ተጸጸትኩ፤ እዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ 'ይሁን' ስል እውላለሁ" እያለች ታስቀዋለች። ይመር ቃሉ አፉ ላይ ስለ ተጣበቀ ቤቱም ይዞት ይገባል። ልጁ "አባዬ፣ ራቴን ልተወው?" ስትለው "ይሁን" ይልና ኋላ ይደነግጣል።

ልጁ ጉድፌ ትባላለች። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ግን ያወጣው ፍርሃት ነው። ይመርና ሚስቱ ዘምዘም ከጉድፌ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። የመጀመሪያውን ጀማል አሉት፣ ውበት ማለት ነው። ሁለተኛዋን ሐያት አሏት፣ ሕይወት ማለት ነው። ሁለቱም ጥርስ ሳያበቅሉ፣ በተኙበት ትንፋሻቸው ቆሞ ቀሩ። ሦስተኛዋ ስትወለድ የዘምዘም እናት "በሉ ይብቃችሁ! ሞት ዓይኑን የሚጥለው ያማረው ላይ ነው። ልጅቱን በጥራጊ ስም ጥሯት፣ አይቶ ይለፋት" አለች። አዛን በጆሮዋ ሲባል ኑሪያ ተብላለች፤ ብርሃን ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያን ስም ከአፉ ያወጣ ሰው የለም። ለእናቷም፣ ለጎረቤቱም፣ ለትምህርት ቤቱም ጉድፌ ናት።

ጉድፌም እንደ ታላቆቿ እንቅልፍ ሲወስዳት መተንፈስ ትረሳለች። ሐኪሞቹ ደወል ሞከሩ፣ መብራት ሞከሩ፣ እጅ ላይ ታስሮ የሚነዝር አምባር ሞከሩ። ንቅንቅ አትልም። የምትነቃው በስሟ ሲጠሯት ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው አምባር ደግሞ መንዘር እንጂ ስም መጥራት አያውቅም። ዘምዘም "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" ብላ፣ ሰው ሁሉ የተወውን የእጅ ኮድ ከአሮጌ ትምህርቶች ለቃቅማ ተማረችና አምባሩ ውስጥ የሚሠራውን ክፋይ ራሷ ጻፈችው። ስትጽፈውም ፈራች። ልጅቱን "ጉድፍ" አለቻት። ትንፋሿን "ጥራጊ"፣ ደረቷን "ገንዳ"፣ እንቅልፏን "አመድ"፣ ማንቃቱን "መጥረግ" አለችው። አንዲት መልካም ቃል አላስገባችበትም።

"ማን ያየዋል ብለሽ ነው?" አላት ይመር።

"የሚያይ አይጠፋም" አለችው።

ትንፋሽ ሲዘገይ አምባሩ በቀጭን ድምፅ "ተንፍሺ ጉድፌ፤ እኔ አለሁ" ይላል፤ ጉድፌም ትተነፍሳለች። ድምፁ የዘምዘም አይደለም፣ ቃሉ ግን የዘምዘም ነው። ዘምዘም በሳንባ በሽታ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረ ንግግሯ እሱ ብቻ ነው። ይመር በእንቅልፉ መሃል "እኔ አለሁ" ሲባል ይሰማና፣ አብሽር፣ አይዞህ የተባለ ያህል ተመልሶ ይተኛል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ በየቤቱ ያሉ ክፋዮችም፣ የእጅ ሥራ የሆኑትም ጭምር፣ ስያሜ ይውሰዱ ተባለ። ማንም ቤት የመጣ ሰው የለም፤ ክፋዮቹ በአየር ተለቅመው ሄዱ። ይመር ስለ አምባሩ አሰበ ወይ? አላሰበም። ሰው የገዛ ቤቱን ከቢሮ ሥራው ጋር አያገናኘውም። ሰያሚው የሚያነበውም መለያውን እንጂ የባለቤቱን ስም አይደለም።

መሬማ ስለ መኪናው ማውራት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ቀን ይመር ለምሳ ሲወጣ የቆሻሻ መኪና ከቢሮው ደጅ ገንዳ አጠገብ ቆሞ አገኘ። እነዚህ መኪናዎች ሾፌር የላቸውም። ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ ገንዳውን ያነሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ይሄዳሉ። ይኸኛው ግን ክንዱን ዘርግቶ ገንዳው ላይ እንዳሳረፈ ቆሟል፤ ሰው የታመመ ልጅ ግንባር ሲዳስስ እንደሚያደርገው። መንገደኛ እያየው ያልፋል። አንድ ጎረምሳ "ጀመረው ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ መኪናው፣ ሁልጊዜ "ቆሻሻ አውጡ" በሚልበት በዚያ ወፍራም የሴት ድምፅ ተናገረ።

"ተንፍሺ ጉድፌ፤ እኔ አለሁ።"

ይመር ባለበት ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስታ ነው። ዘምዘም መጣች ብሎ አሰበ። መኪናው ትንሽ ጠበቀ፣ ቃሉን ደገመ፣ ከዚያ ገንዳውን ቀስ አድርጎ አንስቶ ሄደ። ያን ጊዜ ነው አምባሩ ትዝ ያለው።

ወደ ቢሮ ሲመለስ እትዬ ደብሪቱ ምሳዋን ትበላለች።

"ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ? ምን ነካህ?"

"እትዬ ደብሪቱ፣ ሰያሚውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እኔ ድምፄ አይወጣም።"

"ምን ልበለው?"

"ጉድፍ የሚል ቃል ያለበት ክፋይ ካለ ያንብብልሽ።"

ጠየቀችው። ሰያሚውም በተለመደው ለስላሳ ድምፁ አነበበ። መለያ፣ ደረቅ ቆሻሻ ማንሳት። ቃላት፣ ጉድፍ፣ ጥራጊ፣ ገንዳ፣ አመድ፣ መጥረግ። አምሳያ፣ የከተማው ቆሻሻ ማንሻ መኪናዎች። ተዋህዷል።

"የመሰከረውስ ማነው?" አለ ይመር።

ሰያሚው ሲጠየቅ የመስካሪውን ድምፅ ያሰማል። "ይሁን" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ወጣ። ጥርት ያለ፣ በማር የለሰለሰ ድምፅ ነበር። እትዬ ደብሪቱ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም እንዴ?"

"የኔ ነው።"

"ክፋዩስ የማን ነው?"

"የጉድፌ አምባር ነው። ዘምዘም የጻፈችው።"

"ወይኔ፣ እመብርሃን!" አለች። ቀጥሎ ያለውን ከይመር ቀድማ እሷ አሰበችው። "ይመር፣ ቆይ እስቲ። ውህደት እኮ የሁለት ወገን ነው። መኪናው የዘምዘምን ከወሰደ፣ አምባሩ ከመኪናው ምን ወሰደ?"

በዚያ ሰዓት ጉድፌ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ መሬማ ምሳ አብልታት፣ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ይመር ኮፍያውን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ሮጠ።

የቤቱ ቅያስ ላይ ሲደርስ መኪናው ደጁ ላይ ቆሟል። ሰፈሩ ወጥቶ ያያል። መሬማ መሃል ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ በርቶ ታወራለች።

"ዛሬ የኛ ቀን አይደለም እኮ! ደግሞ ያንተ ደጅ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ሌሊትም ይመጣል፣ ስንቴ አይቼዋለሁ! እስቲ አሁን ጆሮውን የሚመረመረው ማነው?"

እየገፋፋ አልፏት ገባ። መኪናው ክንዱን በተከፈተው መስኮት አስገብቶ የአልጋውን ጠርዝ ይዟል። ጉድፌ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇ ላይ ያለው አምባር ዝም ብሏል። በአምባሩ ትንሽ ስክሪን ላይ "ለማንሳት ዝግጁ" የሚል ጽሑፍ ይበራል።

"ተንፍሺ ጉድፌ፤ እኔ አለሁ" አለ መኪናው ከውጭ።

ልጅቱ ከጥልቅ ውሃ እንደ ወጣ ሰው አየር ሳበች። አምባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ "ተሰርዟል" ወደሚል ተለወጠ። መኪናው ክንዱን ቀስ አድርጎ ከመስኮቱ አወጣና ሄደ።

"አባዬ" አለች ጉድፌ ዓይኗን እያሸች፣ "እማዬ ጠራችኝ።"

ይመር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ ሁሉ ገባው። ትንፋሿ ሲቆም አምባሩ መጥራቱን ትቷል። እሱ የሚያውቀው አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጉድፍ ገንዳ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መኪና መጥቶ ያንሳው። መኪናው ይመጣል፤ የዘምዘምን ቃል ስለያዘ ግን ከማንሳቱ በፊት ይጠራል። ከክረምቱ ወዲህ ይመር በእንቅልፉ መሃል "እኔ አለሁ" ሲል የሰማውና የተጽናናበት የመኪናው ድምፅ ነው። እስካሁን ልጁን ያተረፋት ጥራጊ ሊወስድ የመጣ መኪና ነው። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ቢዘጋስ? ጎማው ቢፈነዳስ? አንድ ቀን ሌላ ሰፈር ሥራ ቢበዛበትስ?

ማታውን እትዬ ደብሪቱ ቤቱ መጣች። ጉድፌ መሬማ ጭን ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፤ መሬማ ልጅቱ እንዳትተኛ ወሬ እንድትነግራት ተለምና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ እንድታበዛ ተጠይቃ፣ ደስታዋ ወሰን አጥቷል።

"መላው አንድ ነው" አለች ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰያሚው የሚያየው ቃል ነው፤ ቃሉን ለውጥለት። ጥራጊ ያለችውን ትንፋሽ በለው። ገንዳ ያለችውን ደረት በለው። እውነተኛውን ስታስገባበት መለያው ይለወጣል፣ ውህደቱም ይፈርሳል።"

"ልጅቱንስ?"

"ልጅቱንም በስሟ ጻፋት። ከቃላቱ ሁሉ የበዛው ጉድፍ ነው። እሱ እያለ ሌላውን ብትለውጥ ዋጋ የለውም።"

"ዘምዘም ብትኖር እሺ አትልም።"

"ዘምዘም የለችም፣ ይመር። ልጅቱ ግን አለች። አይዞህ።"

ይመር ሊጠይቅ የፈራውን ጠየቀ። "ሲለያዩ መኪናው የሷን ቃል ይተወዋል?"

"ይተወዋል" አለች ደብሪቱ። "ከአምባሩም ቢሆን እኮ እሷ ያወጣችው ስም ሁሉ ይወጣል። የምታወጣው አንተ ነህ።"

ያን ሌሊት ይመርና መሬማ እየተፈራረቁ፣ ጉድፌ ትንፋሿን ስትረሳ በስሟ እየጠሩ አደሩ። በነጋታው ይመር ፈቃድ ወሰደ፣ ጉድፌንም ከትምህርት ቤት አስቀራት። እጇን ይዞ የቆሻሻ መኪናውን ተከትለው ከተማውን ዞሩ። ከገንዳ ወደ ገንዳ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ወንዙ ዳር። መኪናው በየገንዳው ይቆማል፣ ክንዱን ያሳርፋል፣ ይጠራል። ጉድፌ በተጠራች ቁጥር "አቤት!" ትላለች፣ እየሳቀች። ሰው ቆሞ ያያቸዋል፤ አብዷል የሚልም አልጠፋ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ "ምን ጠፍቷችሁ ነው የቆሻሻ መኪና የምትከተሉት?" ብትላቸው፣ ጉድፌ ቀድማ "እናቴን" አለቻት። ሴትዮዋ አንድ ራስ ሽንኩርት ሰጥታ ሸኘቻቸው፤ ምን እንደምትል ጠፍቷት ይሆናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው ወደ ማደሪያው ገባ። ይመር በሩ ሲዘጋ ቆሞ አየ፣ እንባውም መጣ፣ አልደበቀውም።

"ነገም እንመጣለን አይደል?" አለችው።

"ይሁን" ሊል ነበር፤ አፉን ያዘው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የአምባሩን ክፋይ ከፈተ። ሚስቱ የጻፈችው ሁሉ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። እሱ ኮድ አያውቅም፤ ግን ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ዘምዘም ስትሠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባቸው ነበርና። ጥራጊ የሚለውን ትንፋሽ አለው። ገንዳን ደረት፣ አመድን እንቅልፍ፣ መጥረግን ማንቃት አላቸው። እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ አንድ ዕቃዋን ከቤት የሚያወጣ ያህል ከበደው። መጨረሻ ላይ ጉድፍ ቀረ። ዘምዘም ልጅቱን የምትቆጥርበትም፣ የምትጠራበትም ይኸው አንድ ቃል ነበር፤ አንድ ቦታ ሲለወጥ ሁሉም ቦታ ይለወጣል።

እጁ እምቢ አለው። ጀማልን አስታወሰ፣ ሐያትን አስታወሰ። ያማረ ስም ያወጡላቸው እሱና ዘምዘም ናቸው፤ ያን ስም ሞት ሰማው፤ መጣ። አሁን ደግሞ የሦስተኛዋን ስም፣ በጆሮዋ ብቻ የተባለውን፣ ከተማው ሁሉ በሚለቅመው አየር ላይ ሊያወጣው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ይመር የፈራው የሞትን ዓይን ነበር። ሌላ የሚፈራ ነገር ይኖራል ብሎ አላሰበም።

"ቢስሚላህ" ብሎ ኑሪያ ሲል ጻፈ።

ሰያሚው ክፋዩን ያነበበው ጠዋት፣ ሥራ ገና ሲጀመር ነው። ይመር ባለቤት ስለሆነ እንዳይመሰክር ነገሩን ለእትዬ ደብሪቱ ሰጡት። ሰያሚው አነበበ። መለያ፣ የሕፃን ትንፋሽ ጥበቃ። አምሳያ፣ የለውም።

"ድገምልኝ" አለች ደብሪቱ፤ በዚያ ቢሮ ማንም አስደግሞ አያውቅም።

"አምሳያ፣ የለውም።"

"ይሁን" አለች። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር፤ ሰያሚው ግን የዛን ቀን ተቀበላት። ወደ ይመር ዞራ "በሠርጌ ቀንም እንዲህ ከልቤ አላልኩም" አለችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ከመስኮቱ በታች የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን አነሳ፣ ገለበጠ። "ቆሻሻ አውጡ" ብሎም ሄደ።

ይመር ቤቱ ሲደርስ ጉድፌ ደጅ ላይ ቆማ አገኛት። መኪናው መጥቶ እንደነበር ነገረችው። ሮጣ ወጥታ "አቤት" ብላው ነበር፤ አላያትም።

"እማዬ ተቆጥታኛለች?"

"አልተቆጣችም። ደክሟት ነው፣ ታርፍ። አምባርሽ ተሠርቷል፣ ከእንግዲህ እሱ ነው የሚጠራሽ።"

ምሳዋን በላች፣ ተኛች። ይመር እምነት ቢኖረውም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረቷ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። አምባሩ ግን አልቆየም፤ በዚያ በቀጭን ድምፁ ተናገረ።

"ተንፍሺ ኑሪያ፤ እኔ አለሁ።"

ይመር እፎይ አለ። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ፈገግ ሊል ሲል ልጅቱን አየ። አልተነቃነቀችም።

"ተንፍሺ ኑሪያ፤ እኔ አለሁ" አለ አምባሩ እንደገና።

ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። ውጭ የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ሰማና ሳያስበው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ክንዱ እስኪገባ ጠበቀ። መኪናው ደጁን አልፎ ሄደ።

"ተንፍሺ ኑሪያ፤ እኔ አለሁ። ተንፍሺ ኑሪያ፤ እኔ አለሁ።"

ያን ጊዜ ገባው። ልጅቱ የምትነቃው በስሟ ሲጠሯት ብቻ ነው። ኑሪያ ብሎ የጠራት ግን የለም። እናቷ አልጠራቻት፣ እሱ አልጠራት፣ መሬማ አልጠራቻት። ያን ስም ከሞት ሲደብቁ ከራሷም ደብቀውታል።

"ጉድፌ!" ብሎ ጮኸ። "ጉድፌ! ተንፍሺ ጉድፌ፤ እኔ አለሁ!"

አየሩን ሳበች፣ ሳለች፣ ዓይኗን ገለጠች። ይመር አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ቃሉን መልሶ አምባሩ ውስጥ ማስገባት አይችልም፤ ካስገባው ሰያሚው መልሶ ለገንዳው ይሰጣታል። ስሟን እስክትለምደው ድረስ፣ ልጅቱ በተኛች ቁጥር፣ ሌሊትም ቀንም፣ ጠሪዋ እሱ ነው። እሱስ እንቅልፍ ቢጥለው?

ጉድፌ ጭንቅላቷን ከደረቱ አንስታ ፊቱን አየችው። ግማሽ ልቧ ገና እንቅልፍ ውስጥ ነው።

"አባዬ፣ ኑሪያ ማን ናት?"

"ምነው?"

"ሰው ይጠራታል። ቢጠራት ቢጠራት አትነሳም እኮ" አለች ጉድፌ። "ሞታ ነው?"